አባቴ የፈረሙበት መስመር

እኔ በተፈጥሮዬ ውሸታም ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የዛሬ ወሬዬ ስለ ውሸት ስለሆነ ነው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አሳምሬ ዋሽቻለሁ፤ እሱንም ቀን መቁጠር አቅቶኝ ተያዝሁ።

ያኔ መካነ ሰላም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አገሬ ከከተማው ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወርዱ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በእኛ ቀዬ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ከተማ ይወጣል፣ ከሰው ግቢ ጥግ አንዲት ክፍል ይከራያል፣ ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያጥባል፣ ሲታመምም ራሱን ያስታምማል። “ተከራይ ተማሪ” ይሉናል። አብዛኛው ተከራይ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ነው የሚኖረው። እኔም ዓመቱ ሲጀመር ከአገሬ ልጅ ከሰይድ ጋር ነበርሁ። መስከረም ሳያልቅ አንድ ጠዋት ሰይድ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ፍራሹ ላይ አስቀመጠና “ደሴ ደርሼ እመጣለሁ” ብሎኝ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጅቡቲን ተሻግሯል ተባለ። ብርድ ልብሱን በዚያ ሁሉ ብርድ ደርቤው አላውቅም። ከደረብሁት፣ እንደማይመለስ ያመንሁ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ብቻን መኖርን ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ረሃብ ነው እንዳልላችሁ ሽሮ አለ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ በሬን ስከፍት፣ ጠዋት ጠጥቼበት የወጣሁት ብርጭቆ እዚያው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ማንም አልነካውም። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ጠዋት አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። ማግሥቱን ክፍል ውስጥ ስጠየቅ ድምፄ ሻክሮ ይወጣና ልጆቹ ይስቁብኛል።

እናቴ ያረፈችው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እህቴ ተድራለች። አባቴ ካሳ ይባላሉ፤ አንድ ጥማድ በሬና ብዙ ዝምታ ያላቸው ሰው ናቸው። ከተማ ልወጣ ስል ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ “ሂድ። ግን ስምህ በክፉ ተነሥቶ የተጠራሁ ለት፣ ትመለስና ማጭዱን ትይዛለህ።” እውነታቸውን ነው፤ እርሻው ላይ ብቻቸውን ነበሩ፣ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የምፈራው ዜሮ ማግኘትን አልነበረም። “ወላጅ አምጣ” መባልን ነበር።

በዚያ ዓመት መምህር ቢኒያም መጡ። ጂኦግራፊ ያስተምሩናል፣ የክፍላችንም ኃላፊ ነበሩ። ወጣት፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሁሉ ነገር ሠንጠረዥ የሚያሰምሩ ሰው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሁለት ነገር አመጡብን። አንደኛው “የጥናት ፕሮግራም” የሚሉት ቅጽ ነው። ለእያንዳንዱ ማታ አንድ መስመር አለው፤ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የትኛውን የቤት ሥራ በስንት ሰዓት እንደሠራን እንሞላለን፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ማታ ማታ ይፈርማል። ሁለተኛው ፕሮጀክት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው በአካባቢው ያለ አንድ ነገር መርጦ አርባ ቀን ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ያየውን ይጽፋል። ከመቶ ሠላሳ ይያዛል።

“ለብቻው” ሲሉ ክፍሉ አጉረመረመ። እኔን አልከበደኝም፤ ሌላ አሠራርም አልነበረኝ።

ምንጩን መረጥሁ። ከከተማው ጫፍ ወረድ ብሎ በሲሚንቶ የታሰረ፣ አንድ ቧንቧ ያለው ምንጭ አለ። በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እወርድና አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅ በስልኬ ቆጥሬ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ወረፋ የያዙት ሴቶች መጀመሪያ ተቆጡ፤ “ቆጣሪ ሊገባብን ነው!” አሉ። ኋላ የየራሳቸውን ጀሪካን እየሞላሁላቸው እንደምቆጥር ሲያዩ፣ የሰጡትን ፈረስ ማን ጥርሱን ያያል ብለው ዝም አሉ። የመጀመሪያው ቀን አርባ አንድ ሰኮንድ ነበር። ኅዳር ሲገባ ሃምሳ አለፈ። ምንጩ እየደከመ መሆኑን ከእኔ በቀር ልብ ያለው ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር። ነገሩ ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያስፈራኛል፤ የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

ችግር የሆነው ፊርማው ነው። ሁለትና ሦስት ሆነው የሚኖሩ ተከራዮች ዘዴውን ወዲያው አገኙት፤ አንተ ለእኔ አባት ሁን፣ እኔም ላንተ፣ ተባብለው ይፈራረማሉ። እኔ ማንን ልበል? አከራዬ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ለአባቴ ፊርማ ሠራሁላቸው። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ፊርማ ኖሯቸው አያውቅም። “ካ”ን ትልቅ አድርጌ፣ እግሯን አስረዝሜ፣ ጫፏን እንደ ጅራፍ ጠመዘዝኋት። ለሚኒስትር የሚሆን ፊርማ ወጣኝ። ከዚያ በየማታው መፈረም ሲሰለቸኝ፣ አንዴ በተቀመጥሁበት የሳምንቱን እፈርም ጀመር። ማጥናቱንማ አጠና ነበር! የምሞላው ሰዓት እውነት ነበር። ውሸቱ ያ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ብቻ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መምህር ቢኒያም ሳይታሰብ “ቅጻችሁን አውጡ” አሉ። ሁልጊዜ የሚሰበስቡት ሰኞ ሰኞ ነበር። በየወንበሩ እያዩ እያዩ እኔ ዘንድ ደረሱና ቅጼን አንሥተው ቆዩ።

“አስማረ።”

“አቤት መምህር።”

“ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“ሐሙስ።”

“ሐሙስ ጠዋት። አባትህ ግን የዛሬን ማታ ፈርመዋል።”

ቅጹን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

“የነገንም ፈርመዋል። የቅዳሜንም። እሑድን ደግሞ…” ቅጹን ለክፍሉ አዞሩት፣ “እሑድን ሁለቴ ፈርመዋል።”

ከኋላ አንዱ “አባቱ ኮከብ ቆጣሪ ናቸው!” አለና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህር ቢኒያም አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ገና ያልመጣ ማታ ላይ የሚፈርም ተማሪ፣ ያልለካውን ውሃ ለካሁ ብሎ ለምን አይጽፍም?” አሉኝ።

“መምህር፣ ፕሮጀክቱ እውነት ነው።”

“በምን አውቃለሁ?”

ሰኮንዱን የቆጠርሁት እኔ ብቻ ነኝ።

“ነገ ከሰዓት በኋላ ወላጅ ይዘህ ና” አሉ። “ካልመጡ ፕሮጀክትህን አልቀበልም።”

እንግዲህ ፍዳዬን ተመልከቱት። አባቴን ካላመጣሁ ሠላሳው ማርክ ይቀራል፣ ዓመቱን እወድቃለሁ። አባቴን ካመጣሁ ደግሞ ማጭዱ ይጠብቀኛል። ያን ማታ ቅጹ ላይ ምንም አልሞላሁም፤ ያጠናሁትም አልነበረም።

ለእንዲህ ያለው ቀን በተከራዮች ዘንድ የታወቀ መላ ነበር። ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ወላጅ ይፈልጋል፣ የራሱን ግን አይደለም። አንድ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ብቻ ለአራት ተማሪ አጎት ሆነው ቀርበዋል ይባላል። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ደግሞ በአንድ ሳምንት ለቄስ ልጅም ለሼኽ ልጅም አክስት ሆነው ርእሰ መምህሩ ፊት አልቅሰዋል። ሰዉም አይከፋበትም፤ ጽድቅ ነው ይላል። እኔ ግን ከጫማ ሰፊው ጋር አንተዋወቅም። በዚያ ከተማ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚለኝ አንድ ትልቅ ሰው ቢኖር፣ ምንጩ ላይ በቅሏቸውን የሚያጠጡት ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

ጋሽ እንድሪስ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ በበቅሎ ከወፍጮ ቤት እህል የሚያመላልሱ ሽማግሌ ነበሩ። ከሰላምታ አልፈን ተነጋግረን አናውቅም። ዓርብ ጠዋት ቆጥሬ ከጨረስሁ በኋላ፣ ስልሳ አንድ ሰኮንድ ነበር፣ ወደ እሳቸው ጠጋ አልሁ።

“ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ሀጃ ነበረኝ፣ ጉዳይ።”

“ኸይር ነው?”

አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር የማየው የበቅሎዋን ሰኮና ብቻ ነው።

“አባትህ የሉም?” አሉኝ።

“አሉ። ሩቅ ናቸው።”

“ሩቅ ቢሆኑስ፣ ለልጃቸው ይመጡ የለም?”

“ከመጡ ይዘውኝ ይመለሳሉ። ትምህርቴ ያበቃል።”

በቅሎዋ ጠጥታ እስክትጠግብ ጠበቁ። ከዚያ ልጓሟን እየሰበሰቡ “መርሀባ፣ እመጣለሁ። በስንት ሰዓት ነው?” አሉ።

“በስምንት ሰዓት። እንግዲህ የአባቴ ስም ካሳ ነው፣ ምናልባት ከጠየቁዎት አጨዳ ላይ ስለሆንሁ ነው የዘገየሁት ቢሉ…”

“ስምህ አስማረ ነው አይደል? አብሽር አስማረ። የምናገረውን ለእኔ ተወው።”

ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ በጠረጠርሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ካሳ የሚባል ክርስቲያን ገበሬ ነጭ ኮፍያ አድርጎ ሲገባ መምህር ምን ይላሉ? ኮፍያዎን ያውልቁ ማለት ደግሞ አልደፈርሁም።

በስምንት ሰዓት ታጥበው፣ ሸማቸውን አጣፍተው መጡ። መምህር ቢኒያም በመምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ሲያዩዋቸው ብድግ ብለው ወንበር ሳቡላቸው።

“እንኳን ደህና መጡ። የአስማረ አባት ነዎት?”

“አይደለሁም” አሉ ጋሽ እንድሪስ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልሁ። መምህር መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

“አይደሉም?”

“ወላሂ አይደለሁም። እንድሪስ እባላለሁ፣ በቅሎ አለኝ፣ እህል አመላልሳለሁ። ልጁ አባት ሁኑኝ አለኝ፤ እኔም እመጣለሁ አልሁት፣ መጣሁ። ያልወለድሁትን ወልጃለሁ ብል ለጌታዬ ምን እመልሳለሁ?”

“አስማረ!” አሉ መምህር ቢኒያም። ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበር ድምፃቸው ውስጥ። “ይኼም ተጨመረ?”

“ቆዩ መምህር፣ አልጨረስሁም” አሉ ጋሽ እንድሪስ። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆኑትን ሰው አንቱ እያሉ ነው የሚያናግሩት። “አባቱ አይደለሁም እንጂ ምስክር ነኝ። ነገሩ ውሃውን ቆጥሯል አልቆጠረም ነው አይደል?”

“አዎ፣ እሱ ነው።”

“ቆጥሯል። ተጥቅምት ጀምሮ።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑስ አላልሁም። አንድ ቀን ቀርቷል።”

ይዤው የገባሁት የፕሮጀክት ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መምህር ቢኒያም ሳቡት። “የትኛው ቀን ነው?”

“ቀኑን በቁጥር አላውቀውም። ኅዳር እንደ ገባ፣ ገበያ በዋለ በማግሥቱ ነው። በቅሎየን ይዤ ወረድሁ፣ የለም። ይመጣል ብዬ ቆየሁ። ፀሐይ ወጣች፣ ወፍጮ ቤቱ ላከብኝ፣ እኔ ቆየሁ። ሴቶቹን ‘ያ ቆጣሪው ልጅ ወዴት ሄደ?’ አልኋቸው፤ የሚያውቀው የለም። በማግሥቱ ሲመጣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ታሞ ኖሯል። አልጠየቅሁትም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አስማረ፣ መጠየቅ ነበረብኝ።”

መምህር ቢኒያም ገጹን ገለጡ፣ በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። በዚያ መስመር ላይ ቁጥር የለም። “ታመምሁ፣ አልለካሁም” ይላል።

ያችን ቀን ልንገራችሁ። ትኩሳት ይዞኝ ከፍራሼ መነሣት አቅቶኝ ነበር። ጠዋት ተማሪዎች እየተንጫጩ በደጄ ሲያልፉ ሰማሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱም ሰማሁ። አንድም ሰው አላንኳኳም። ጣራውን እያየሁ፣ ብሞት ስንት ቀን ያልፋል ሰው እስኪያውቅ ብዬ ቆጠርሁ፤ ቢያንስ አራት ቀን አገኘሁ። ለካ በዚያው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ሥራቸውን አቁመው፣ በቅሎ ይዘው፣ መንገድ መንገዴን እያዩ ነበር። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ በሁለቱ ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

መምህር ቢኒያም ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ።

“ፕሮጀክቱን ተቀብያለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ቅጹ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሰው ስም ፈርመሃል፣ ያውም የአባትህን። እዚህ ድረስ አላስመጣቸውም፤ ግን ማወቅ አለባቸው።” ከመሳቢያቸው አዲስ ባዶ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። “ሂድና ራስህ ንገራቸው። ሰኞ እሳቸው የፈረሙበት ቅጽ ይዘህ ና።”

ውጭ ስንወጣ ጋሽ እንድሪስን ተቆጣኋቸው። አዎ፣ ያን ካደረጉልኝ በኋላ!

“ቀድመው አይነግሩኝም ነበር?”

“ብነግርህ ትወስደኝ ነበር?”

“አልወስድዎትም።”

“እንግዲያስ” አሉና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። “አባት ተልጁ አፍ ሲሰማና ተሰው አፍ ሲሰማ አንድ አይደለም። ሂድ። አሏህ ያግርልህ።”

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። አምስቱን ሰዓት ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ሄድሁ። አንዴ ጉንፋን ይዞኝ ነበር እላለሁ፣ አንዴ መምህሩ ጠልቶኝ ነው እላለሁ፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ያሰናዳሁት ሁሉ አለቀ። አባቴን ከጤፉ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ያን የሚያህል ማሳ መሀል አንድ ሰው ብቻ። ከሩቅ ቆሜ አየኋቸው፤ ቀና ብለው የሚያናግሩት ሰው እንኳ አልነበራቸውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኛ እኔ ብቻ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

“ምነው፣ በደኅና?” አሉ ሲያዩኝ።

“በደኅና ነው አባ።”

“ማጭድ ተዚያ አለ።”

እስኪመሽ ጎን ለጎን አጨድን። ይኸው ማጭዱን ያዝኸው አስማረ፣ እያልሁ በሆዴ።

ቤት ገብተን፣ ሶላሯን አብርተን፣ እራት ከበላን በኋላ ከመደቡ ላይ ተነሥቼ ቆምሁ።

“አባ፣ ስምዎን ፈረምሁ።”

“የት?”

ሁሉንም ነገርኋቸው። ቅጹን፣ ክፍሉ ሲስቅ፣ ጋሽ እንድሪስን፣ ሁሉንም። እሳቸው ምድጃውን እያዩ ሰሙ።

“እስቲ አሳየኝ” አሉ።

“ምኑን?”

“ፊርማዬን።”

በደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍሁላቸው። ተቀብለው ወደ መብራቱ አስጠግተው ገለባብጠው አዩት።

“ይኼ እኔ ነኝ?”

“አዎ አባ።”

“ያምራል።” ደብተሩን መለሱልኝና፣ “እኔ ግን እንዲህ አይደለሁም” አሉ።

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

“ውሃውስ?” አሉ። “ያን የቆጠርኸውን አንብብልኝ።”

ከመጀመሪያው ቀን ጀመርሁ። አርባ አንድ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አርባ አምስት ስል እጃቸውን አነሡ።

“እዚህ ጋ ዝናቡ ቆርጧል።”

“እንዴት አወቁ?”

“ያን ሰሞን የኛም ምንጭ ጎድላለች። ቀጥል።”

ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ያልሁትን ነገር እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው ያውቁት ኖሯል። እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ታመምሁ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ግን አልጠየቁም።

ከዚያ አዲሱን ቅጽ አነሡ። “ይኼ ወረቀት እኔን ምን ይጠይቀኛል?”

“ልጅዎ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሲያጠና አይተዋል ወይ ይላል።”

“አላየሁም።”

“አዎ፣ አላዩም።”

“ያላየሁትን አልፈርምም” አሉ።

አለቀልኝ አልሁ። ሰኞ ባዶ ቅጽ ይዞ የሚገባ ሰው የለም፤ ነገ ማሳ ላይ ነኝ፣ ከነገ ወዲያም ማሳ ላይ ነኝ።

“ስንት ሰዓት ነው አሁን?” አሉኝ።

“አንድ ሰዓት።”

“እስከ አራት ሰዓት ነዋ። ተቀመጥ።”

መጀመሪያ አልገባኝም። እሳቸው ግን ሶላሯን ከምሰሶው አውርደው ከጎኔ አስቀመጡ፣ ፊት ለፊቴ ባለው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ደብተሬን አወጣሁ። ሒሳብ ጀመርሁ። ቀን ሙሉ ሲያጭዱ የዋሉ ሰው ናቸው፤ እንቅልፍ ሲጥላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መልሰው ያዩኛል። ስሰርዝ ያያሉ፣ ስጽፍ ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ “ምነው ቆምህ?” አሉኝ። “ከብዶኝ ነው” አልሁ። “እሺ፣ አለሁ” አሉ። ሒሳቡን ሊረዱኝ እንደማይችሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ወጣልኝ! እንግሊዝኛውን ሠራሁ፣ ጂኦግራፊውን አነበብሁ። በዚያ ዓመት ከመስከረም ጀምሮ፣ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ሳጠና የመጀመሪያዬ ማታ ነበር።

ስጨርስ የእስክሪብቶዬን ቀለም እፍ ብዬ አውጥቼ አውራ ጣታቸው ላይ ቀባሁ። ጣታቸው በአጨዳው ተሰነጣጥቆ ነበር። የቅዳሜን መስመር አሳየኋቸውና ጫን አደረጉት።

“የዛሬውን ብቻ” አሉ።

እሑድ ጠዋት ቀስቅሰው ስንቄን በአቁማዳ አስረው ሰጡኝ። እኔ ግን ማጭዱን ፍለጋ ዓይኔ ይዞራል።

“ጤፉስ አባ?”

“ጤፉ ተዚህ ቀደምም ያለ አንተ ታጭዷል። ሰኞ ትምህርት አይደል? ተነሥ፣ ዳገት ነው።”

አፋፉ ድረስ ሸኙኝ። ዳገቱን እያለቀስሁ ወጣሁት። ደስታ ነው እንዳልል፣ ዞር ባልሁ ቁጥር ወደ ማሳው ብቻቸውን ሲመለሱ አያቸዋለሁ።

ሰኞ መምህር ቢኒያም ቅጹን አዩት። ሌሎቹ መስመሮች ባዶ ናቸው፣ አንዱ ላይ ግማሹ የተሰነጠቀ የጣት አሻራ።

“አንድ ብቻ?”

“ያዩት አንድ ብቻ ነው መምህር።”

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃም በበቃኝ። ግን ያን ሰኞ ማታ ያችው ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቅጹ ፊት ተቀመጥሁ። የሠራሁትን ሞላሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስደርስ እጄ ያንን ቆንጆ ፊርማ ሊሠራ ተነሣ። አስቆምሁትና “ብቻዬን ነበርሁ” ብዬ ጻፍሁ። ማክሰኞም እንደዚያው፣ ረቡዕም እንደዚያው ጻፍሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ መምህር ቢኒያም ቅጹን ይዘው “ይኼ ምንድን ነው?” አሉ። ቆምሁና “እውነቱ ነው” አልሁ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም። በሳምንቱ ቅጹ ሲሰበሰብ ሦስት ልጆች እንደኔ ጽፈው ነበር። በሌላው ሳምንት ከክፍሉ ግማሽ የሚሆነው “ብቻዬን ነበርሁ” ወይም “ሁለት ነበርን፣ ወላጅ የለም” ብሎ ሰጠ። ያ ኮከብ ቆጣሪ ብሎ ያሳቀብኝ ልጅ ሳይቀር! መምህር ቢኒያም ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ሲያነቡ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ያን ለት ሠንጠረዥ አላሰመሩም። “ከነገ ጀምሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይህን ክፍል እከፍታለሁ” አሉ። “የምሄድበትም የለኝም።”

ከፈቱም። ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ተከራዩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እሳቸው ከፊት ተቀምጠው ያርማሉ፣ እኛ እንሠራለን፣ ሲያልቅ እየዞሩ ይፈርማሉ። አባቴ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ከተማ መጡ፤ ሁለቱንም ማታ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አመሹ፣ ሁለቱንም ማታ አሻራቸውን አኖሩ። ከጋሽ እንድሪስ ጋር አገናኘኋቸው። ስለ በቅሎ ተጨዋወቱ እንጂ ስለ እኔ አንድ ቃል አላነሡም።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ቆንጆ ቆንጆ ፊርማ ያመጡልኛል። አልቆጣም፤ ማታ ማታ ከማን ጋር እንደሚያመሹ ነው የምጠይቃቸው። ብዙዎቹ “ብቻዬን ነኝ” ይሉኛል።

እናንተ ልጃችሁን ከተማ ልካችሁ ስንቅ የምትቋጥሩ ወላጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የጻፍሁት። ስንቁ መልካም ነው፣ አይቅር። ግን አንድ ማታ ሄዳችሁ እዚያች ክፍል ውስጥ ቁጭ በሉ። ሒሳቡን አናውቅም ትሉ ይሆናል። አባቴም አያውቁትም ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንቅልፋቸውን ታግለው አዩኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሠራ የሚከብደኝ ነገር ሲገጥመኝ “እሺ፣ አለሁ” የሚለው ድምፃቸው ይሰማኛል።